ከቲቪ ካርቶን ፎም አምባ አሰራር፣ ለጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጌም

የአድዋን ጦርነት በትንንሽ ወታደሮች ምንጫወትበትን ጠረጴዛችንን ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሚጠይቀኝ ስለ ወታደሮቹ አይደለም፣ "ተራራውን ከየት ገዛኸው?" ነው። አልገዛሁትም። የቲቪ ካርቶን ውስጥ ከሚመጣው ነጭ ፎም ነው የሰራሁት። ለአንዱ በስልክ፣ ለሌላው በቮይስ ስነግር ሁሌ አንድ ነገር ይረሳኛል፣ ሰውየው ፎሙ ቀልጦበት ወይ አሸዋው ረግፎበት ተመልሶ ይደውላል፣ ስለዚህ ሁሉንም ነገር ከነምክንያቱ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ምንሰራው አንድ አምባ ነው፣ ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ፣ በአንድ ጎን ብቻ መውጫ ያለው። ለጀማሪ ከአምባ ሚቀል የለም፣ አናቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ ወታደር ይቆምበታል፣ ገደሉ ደግሞ ቀጥ ያለ ስለሆነ ቅርጽ ማውጣቱ ብዙ አያስቸግርም። ልኬቶቹን የጻፍኩት ለ28 ሚሊ ወታደር ነው፣ ማለትም ቁመቱ 28 ሚሊ ገደማ ለሆነ። 1 ለ72 የሆኑትን የፕላስቲክ ወታደሮች ምትጫወቱ ከሆነ ከያንዳንዱ ልኬት ሩቡን ያህል ቀንሱ።

ምንም ከመጀመራቹ በፊት አንድ ወታደር ከነቤዙ (ከስሩ ካለው መቆሚያው ጋር) አምጡና ስራው ቦታ ላይ አቁሙት። እስከመጨረሻው እዛው ይቆይ። በየደረጃው እሱን ምታቆሙበት ምክንያት አለ፣ ስንደርስ ታዩታላቹ።

ሚያስፈልጉ ነገሮች

- ነጭ ፎም፣ የቲቪ፣ የፍሪጅ ወይ የማይክሮዌቭ ማሸጊያ። ኤሌክትሮኒክስ ሱቆች በር ላይ ይጣላል፣ ጠይቃቹ ውሰዱ። ምናለሽ ተራም ዞር ዞር ብትሉ አታጡም። አሜሪካ ወይ አውሮፓ ያላቹ ለግድግዳ ሙቀት መጠበቂያ ሚሸጠውን ሮዝ ወይ ሰማያዊ ጠንካራ ፎም ግዙ፣ ፍሬ ፍሬ ስለማይል ስራው በግማሽ ይቀላል
- ኮምፖርሳቶ፣ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ውፍረት፣ 35 በ30 ሴንቲ (አናጢ ቤት ቁራጭ ይሰጧችኋል)
- የአናጢ ነጭ ኮላ፣ ግማሽ ኪሎ
- ጀሶ 1 ኪሎ
- ሶፍት 1 ጥቅል፣ ርካሹ ይሻላል ምክንያቱም ስስ ነው
- የግንባታ አሸዋ 2 ስኒ ያህል፣ ወንፊት
- ፕላስቲክ ቀለም፣ ማለትም በውሃ ሚቀጥነው የግድግዳ ቀለም፣ ነጭ ብቻ ግዙ። ጥቁር፣ ቡናማ፣ ቢጫና አረንጓዴ ማቅለሚያውን በትንሽ ጠርሙስ ይሸጡላችኋል፣ እየቀላቀላቹ ምትፈልጉትን ታወጣላቹ
- ከተር ከነትርፍ ምላጩ፣ ማስመሪያ፣ ብርጭቆ ወረቀት (አንድ ሻካራ አንድ ለስላሳ)
- ስቴኪኒ፣ የኩሽና ፎይል፣ የእቃ ማጠቢያ ስፖንጅ
- 2 ብሩሽ፣ አንዱ ሰፋ ያለ አሮጌ ቢሆን ይመረጣል
- ሰጋቱራ፣ ቃጫ፣ ከመብራት ገመድ ውስጥ የወጣ ቀጭን የመዳብ ሽቦ፣ ፒንሳ
- ላርጎ፣ ጥቂት ጠብታ ብቻ
- ማስክ

መጀመሪያ ማስጠንቀቂያዎቹ፣ እባካቹ ሳትዘሉ አንብቡ

ፎም የሚያቀልጥ ነገር ብዙ ነው። ማስቲሽ ያቀልጠዋል፣ ሱፐር ግሉ ይበላዋል፣ አኳራጅና ቲነር ይበሉታል፣ ከነሱ ጋር ሚሰራ ዘይት ቀለምም እንደዛው። ስፕሬይ ቀለም ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። የመጀመሪያ አምባዬን 4 ቀን ሰርቼ ጥቁር ስፕሬይ ስነፋበት አይኔ እያየ ፊቱ እንደ ወንፊት ተበሳ፣ ሚጠገን ነገር አልነበረውም። ደንቡ ቀላል ነው፣ ሽታው አፍንጫ ሚመታ ከሆነ ፎም አጠገብ አይድረስ። ነጭ ኮላና በውሃ ሚቀጥን ቀለም ብቻ።

ፎም በጋለ ቢላ ወይ በሻማ ባሞቁት ሽቦ ሚቆርጡ ሰዎች አሉ። ንጹህ ይቆርጣል፣ ግን ጭሱ ለሳንባ መርዝ ነው፣ እሳት ሊያያዝም ይችላል። ግዴታ ካልሆነ ተዉት፣ ከሆነም በረንዳ ላይ እንጂ ህጻን ባለበት ክፍል ውስጥ በፍጹም አታርጉት። ለዚህ ስራ ከተር ይበቃል።

ጀሶ ሲጠነክር ይሞቃል፣ በጣም። እጃቹን ውስጡ ከታቹ እስኪጠነክር እንዳትጠብቁ፣ ልጆችም "ቅርጽ እናውጣ" ብለው እጃቸውን እንዳይከቱ፣ ያቃጥላል። የተረፈውን ደግሞ ሲንክ ውስጥ አትድፉ፣ ቱቦው ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ጣሳው ውስጥ ይድረቅና ሰብራቹ ጣሉት።

1. ልኩን ወታደሩ ይወስን

ብዙ ሰው መጀመሪያ ፎሙን ያይና "ይሄ ትልቅ ተራራ ይወጣዋል" ብሎ ይጀምራል። ተቃራኒውን አርጉ። አናቱ ላይ ስንት ወታደር እንዲቆም ትፈልጋላቹ? 10 ከሆነ፣ ቤዛቸው 25 ሚሊ ስለሆነ በ2 ረድፍ 5 አምስት ሲቆሙ 12.5 በ5 ሴንቲ ይይዛሉ። በየጎኑ ቢያንስ 2 ሴንቲ ጨምሩ፣ እጃቹ ወታደር ሲያነሳ ሌላውን ገደል እንዳይከተው። ስለዚህ አናቱ ከ17 በ9 ማነስ የለበትም፣ እኔ 20 በ14 አረገዋለሁ።

ከፍታው 10 ሴንቲ ይበቃል። እውነተኛውን ከፍታ እናምጣ ካላቹ 100 ሜትር ገደል በ28 ሚሊ ልክ 1 ሜትር ከ80 ገደማ ይሆናል፣ ጣሪያ ሊነካ ነው፣ ማንም እንደዛ አይሰራም። ሚያስፈልገው ከኋላው የቆመውን ጦር እንዲጋርድ ብቻ ነው። አድዋ ላይ የጣልያን ብርጌዶች በተራሮቹ መሀል ተለያይተው መረዳዳት ያቃታቸው ስለሆነ፣ ጠረጴዛቹ ላይ አንዱ ብርጌድ ሌላውን ከተራራው አሻግሮ ማየት ከቻለ ጌሙ ከመሰረቱ ተበላሸ ማለት ነው። ወታደሩን ጠረጴዛው ላይ አቁሙና ፎሙን ከፊቱ አርጉ፣ ጎንበስ ብላቹ በሱ አይን ልክ እዩ። ማዶ ሚታይ ከሆነ አንድ ንጣፍ ጨምሩ።

2. ኮምፖርሳቶውን ቁረጡ

ጠርዙን ዙሪያውን ጠምዘዝ ጠምዘዝ አርጋቹ በመጋዝ ቁረጡትና ዳር ዳሩን በሻካራው ብርጭቆ ወረቀት ወደታች ዘንበል አርጋቹ ፋቁት። አራት ማዕዘን ከተዋቹት ተራራ አይመስልም፣ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ትሪ ነው ሚመስለው። ጠርዙ እንደዛ ካልተፋቀ ደግሞ ወታደር ሊወጣ ሲል እንቅፋት ይሆናል።

ካርቶን ለምን አይሆንም ብላቹ ምትጠይቁኝ አላቹ። ይሆናል፣ ግን ውሃ ያለው ኮላ ሲነካው እንደ ቆርቆሮ ይጠቀለላል። ሌላ ከሌለ 2 ካርቶን ውስጣቸው ያሉት ቦዮች እርስ በርስ እንዲቋረጡ አርጋቹ አጣብቁ፣ ከላይም ከታችም ኮላ ቀቡና እስኪደርቅ መጽሐፍ ጫኑበት። አንድ ጎን ብቻ ከቀባቹ ይጣመማል።

3. ፎሙን ደርቡ

የማሸጊያ ፎም ጉድጓድና ጉብታ አለው፣ ጠፍጣፋውን ክፍል እየፈለጋቹ 2.5 ሴንቲ ገደማ ውፍረት ያላቸው 4 ንጣፎች አውጡ። ታችኛው ሰፊ፣ ወደላይ እያነሰ ይሂድ፣ ግን ብዙ አይነስ፣ የአምባ ገደል ቀጥ ያለ ነው። ከሶስቱ ጎን ከንጣፍ ንጣፍ ከግማሽ ሴንቲ በላይ አትቀንሱ፣ መውጫው ባለበት አራተኛው ጎን ብቻ ነው ወደታች ሚዘረጋው።

ከተሩን ምላጩን ረዘም አርጋቹ አውጡና ዘንበል አርጋቹ እንደ መጋዝ እየሳባቹ ቁረጡ፣ ወደታች ተጭናቹ አይደለም። ከተጫናቹት ፍሬዎቹ ይነቀላሉ። ምላጩ ሲደነዝዝ ወዲያው ስበሩት፣ ፎም ሲቀደድ 10 ጊዜ 9ኙ ምክንያቱ የደነዘዘ ምላጭ ነው። የሌላኛው እጅ ጣቶቻቹ ከምላጩ መንገድ ላይ እንዳይሆኑ።

ኮላውን ዳር ዳሩንና መሀሉ ላይ በመስመር አርጉ፣ ሙሉውን አትለቅልቁት። ፎም አየር ስለማያስገባ መሀል ላይ የተለቀለቀ ኮላ ለሳምንትም አይደርቅም። ከዛ በየንጣፉ 4 አምስት ስቴኪኒ ወጋ ወጋ አርጉ፣ እነሱ ናቸው ኮላው እስኪይዝ ንጣፎቹ እንዳይንሸራተቱ ሚይዙት። ግን ገደሉን ምትቀርጹበት ዳር ላይ አትውጉ፣ በኋላ ከተሩ ስቴኪኒ ሲያገኝ ተንሸራቶ ወደ እጅ ይመጣል። ላዩ ላይ 2 መጽሐፍ ጭናቹ እስከ ነገ ተዉት። ክረምት ከሆነ 2 ቀን። ምድጃ ወይ ሂተር አጠገብ አታስጠጉ፣ ፎም በሙቀት ይጨማደዳል።

4. ገደሉን ቅረጹ

አምባውን አምባ ሚያስመስለው ይሄ ደረጃ ስለሆነ ረጋ በሉ። የአምባ ገደል እንደ ግድግዳ ለስላሳ አይደለም፣ ከላይ ወደታች የተሰነጠቀ ነው፣ እንደ ቆሙ የማገዶ ፍልጦች። ስለዚህ ከተሩን ከላይ ወደታች እያረጋቹ፣ አንዴ ጠበብ አንዴ ሰፋ፣ የሶስት ማዕዘን ቅርጽ ያለው ስንጥቅ አውጡ። ሁለት ስንጥቅ እኩል ርቀት ላይ አይሁን፣ አይን እኩል ነገርን ወዲያው ያውቃል፣ የሰው እጅ እንደሰራውም ይነቃበታል። ከዛ የንጣፎቹ መጋጠሚያ መስመር ሚታይበት ቦታ ላይ ትንሽ ትንሽ ቁራጭ ገንጥሉለት። ይቺን መስመር አሁን ካላጠፋቹ ቀለም ላይ በጣም ጎልታ ትወጣለች፣ እንደ ኬክ ትመስላለች።

ስንጥቁ ውስጥ ብርጭቆ ወረቀት አትጠቀሙ። ብርጭቆ ወረቀት ለአናቱ ብቻ ነው፣ አናቱን በለስላሳው አሹትና ወታደሩን አቁሙት። ይወዛወዛል? እንደገና አሹት።

ፎም ሲፋቅ ብናኙ ልብስና ጸጉር ላይ ይጣበቃል፣ ነፋስም ይዞት ይሄዳል። ማስክ አርጉ፣ ከታች አሮጌ አንሶላ አንጥፉ፣ ሲያልቅ አንሶላውን ሰብስባቹ ውጪ ከማራገፍ ፌስታል ውስጥ ጨምሩት፣ ሜዳ ላይ ከበተናቹት ማንም አይለቅመውም።

5. መውጫው

ህጉ አንድ ነው፣ 2.5 ሴንቲ ከፍ ለማለት ቢያንስ 5 ሴንቲ ርዝመት። ከዚህ ካጠረ ዳገቱ ወታደር አያቆምም፣ የብረት ወታደር ከሆነ ደግሞ ተንሸራቶ ሲወድቅ ቀለሙ ይላጣል። 10 ሴንቲ አምባ በዚህ ሂሳብ 20 ሴንቲ መውጫ ይፈልጋል፣ ኮምፖርሳቶው ላይ አይበቃም። መፍትሄው መውጫውን በደረጃ ማረግ ነው፣ ገደሉን ታክኮ እየዞረ ሚወጣ፣ እያንዳንዱ ደረጃ 3 ሴንቲ ስፋት ያለው። 25 ሚሊ ቤዝ ያለው ወታደር 3 ሴንቲ ላይ ሳይነካኩት ይቆማል። እያንዳንዱ ደረጃ ላይ አቁማቹ ሞክሩ፣ እንዲሁ በአይን አትገምቱ፣ በአይን የገመትኩት መውጫ አንዴም በቅቶ አያውቅም።

6. ቆዳ አልብሱት

ነጭ ፎም ላይ በቀጥታ ቀለም ከቀባቹ ፍሬዎቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። በዛ ላይ ጥፍር ሲነካው ይሰረጎዳል። ስለዚህ ቆዳ ይፈልጋል። አንድ እጅ ኮላ በአንድ እጅ ውሃ በጥብጡ፣ ሶፍቱን በእጅ ቅደዱ (በመቀስ አይደለም፣ የተቆረጠ ጠርዝ መስመር ሆኖ ይታያል)፣ ፎሙ ላይ አርጉና ብሩሹን የተበጠበጠው ኮላ ውስጥ እየነከራቹ ምቱት ምቱት። ስንጥቆቹ ውስጥ በብሩሹ ጫፍ ግፉት። ሲጨማደድ ተዉት፣ መጨማደዱ ራሱ የድንጋይ ቅርጽ ይሰጠዋል። 2 ዙር ይበቃል፣ ግን የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛው አይጨመርም፣ እርጥቡ ከውስጥ ታፍኖ ይሻግታል፣ ሽታው ደግሞ አይለቅም።

ሮዙ ወይ ሰማያዊው ጠንካራ ፎም ያላቹ ይሄን መዝለል ትችላላቹ። ፎይል ጨምድዳቹ ኳስ አርጉና ፎሙን በደንብ ተጫኑት፣ እያዞራቹ። ፊቱ ወዲያው ድንጋይ ይሆናል።

7. የጀሶ ድንጋይ

ገደሉ ስር የወደቀ ድንጋይ ከሌለ አምባው ከመሬት የበቀለ ሳይሆን የተቀመጠ ይመስላል። ፎይል ጨምድዱና እንደገና ዘርጉት፣ ሳህን ውስጥ አንጥፉት። ግማሽ ስኒ ውሃ ላይ አንድ ስኒ ጀሶ በትኑ፣ ጀሶውን ወደ ውሃው ነው እንጂ ውሃውን ወደ ጀሶው አይደለም፣ እንደዛ ከሆነ ይጓጉላል። ጀሶው ራሱ እስኪሰጥም ትንሽ ጠብቁ፣ ከዛ ቀስ ብላቹ አማስሉ፣ ከመታቹት አየር ይገባበታል። ፎይሉ ላይ አፍስሱት። ሩብ ሰዓት ገደማ ውስጥ ይይዛል፣ እናንተ ግን ሙሉ ሰዓት ስጡት። ፎይሉን ላጡና ድንጋዩን በእጃቹ ሰባብሩት። የተሰበረው ጎን ስለታም ነው፣ ፎይል የነካው ጎን ደግሞ እውነተኛ አለት ነው ሚመስለው፣ እሱን ወደ ውጪ አርጋቹ በኮላ ለጥፉ። ትልልቁ ገደሉ ስር፣ ትንንሹ ወደ ዳር።

8. አሸዋ

አሸዋውን እጠቡ፣ ጸሀይ ላይ አድርቁ፣ ንፉ። ያልታጠበ አሸዋ አፈር ስላለው ኮላው አፈሩን ነው ሚይዘው፣ አሸዋው ይረግፋል። ያልተበጠበጠ ኮላ በአናቱ፣ በመውጫውና ከስር ባለው ሜዳ ላይ ቀቡ፣ ገደሉን አትንኩ፣ አሸዋ በትኑ፣ እስከ ነገ ተዉት። በነጋታው ዘቅዝቃቹ አራግፉ፣ ከዛ 1 እጅ ኮላ በ3 እጅ ውሃ በጥብጡና 2 ጠብታ ላርጎ ጨምሩበት፣ አሸዋው ላይ በብሩሽ ጫፍ አንጠባጥቡ። ላርጎው ውሃው አሸዋው ላይ እንደ ዶቃ ቁጭ እንዳይል፣ ሰርጎ እንዲገባ ነው ሚያረገው። ይሄን ሁለተኛ ኮላ ሚዘሉ ሰዎች ናቸው "አሸዋው ቀለም ስቀባ ከብሩሹ ጋር ተነሳ" ሚሉኝ።

ጤፍ፣ ስንዴ፣ ወይ ሌላ እህል አትጠቀሙ። ያምራል፣ አውቃለሁ፣ ግን ነቀዝ ይገባበታል፣ አይጥም ይጠራል። የቡና አተላ ግን ለአፈር ጥሩ ነው፣ ጸሀይ ላይ 3 ቀን ካልደረቀ ይሻግታል እንጂ።

9. መሰረት ቀለም

ጥቁር ቡናማ፣ ለ4 እጅ ቀለም 1 እጅ ኮላ ቀላቅሉ። ኮላው ቀለሙን ጎማ ያስመስለዋል፣ ቢጋጭ አይላጥም። ሁሉንም ቦታ ሸፍኑ፣ ስንጥቁ ውስጥ፣ ድንጋዮቹ ስር፣ የኮምፖርሳቶውን ጠርዝ ሳይቀር። አንዲት ነጭ ነጥብ እንኳ ከቀረች ከሩቅ ትታያለች። ሲደርቅ መስኮት አጠገብ አዙራቹ አዙራቹ እዩ።

ለምን ጥቁር ለብቻው አይሆንም? ይሆናል፣ ግን የትግራይ መሬት ሞቃት ቀለም ነው ያለው፣ ከስር ጥቁር ካለ ላዩ ላይ ምትቀቡት ሁሉ አመድ አመድ ይላል።

10. ደረቅ ብሩሽ

በጣም ምትጠይቁኝ ይሄን ነው። አሮጌውን ሰፊ ብሩሽ ውሃ ሳይነካው ቀለም ውስጥ ጫፉን ብቻ ንከሩት፣ ከዛ ካርቶን ላይ ጥረጉት፣ እንደገና ጥረጉት፣ ካርቶኑ ላይ ምንም ሚወጣ ነገር የለም እስክትሉ። አሁን ብሩሹን ገደሉ ላይ በጎን፣ ስንጥቁን እያቋረጣቹ፣ ቀለል አርጋቹ አሻሹ። ቀለሙ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ይይዛል፣ ጉድጓዱ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ያ ነው ጥልቀት ሚሰጠው።

3 ዙር፦ መጀመሪያ መካከለኛ ቡናማ፣ ሰፋ አርጋቹ። ሁለተኛ ቢጫ የተቀላቀለበት ቡናማ፣ ከመጀመሪያው ያነሰ ቦታ። ሶስተኛ ክሬም፣ ነጭ ማለት ይቻላል፣ ሹል ጠርዞች ላይ ብቻ፣ በጣም ጥቂት። ከላይ ወደታች ብርሃን ሚመታበት በኩል አብዙት። ብሩሹ መስመር ከተወ ቀለሙ በዝቷል ማለት ነው፣ ቶሎ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ደርቆ ከሆነ አትጨነቁ፣ ቦታውን በጥቁር ቡናማው ሸፍናቹ እንደገና።

ቀለሙን ስትመርጡ ሌሊት በአምፖል አትምረጡ። ቀን፣ በረንዳ ላይ። አንዴ ቢጫ አምፖል ስር ቀላቅዬ በነጋታው አምባው ሮዝ ሆኖ አገኘሁት።

11. ሳርና ዛፍ

አድዋን ከሆነ ምትሰሩት ጦርነቱ የካቲት 23 ነው፣ በጋ። ሳሩ ደርቋል። ግን ከማያቸው የሰው ስራዎች ግማሹ የአየርላንድ መስክ ነው ሚመስለው፣ አረንጓዴ በአረንጓዴ። ቃጫ እዚህ ላይ ወርቅ ነው፣ ሳይቀለም ራሱ የደረቀ ሳር ቀለም አለው። ጥቅጥቅ አርጋቹ ያዙት፣ ከ5 እስከ 8 ሚሊ ቁረጡት፣ ጫፉን ኮላ ንከሩና በስቴኪኒ በበሳችኋት ቀዳዳ ውስጥ ትከሉት። ሲደርቅ በጣት ፈታ ፈታ አርጉት። ድንጋይ ስርና የደረጃ ጥግ ላይ ትከሉ፣ ሜዳው መሀል አይደለም፣ እዛ ወታደር ነው ሚቆመው። ሰጋቱራውን ደግሞ በቀጠነ ቢጫ ቡናማ ቀለም ነክራቹ ጋዜጣ ላይ አድርቁና በቦታ በቦታ በትኑ፣ ሁሉም ቦታ አይሁን።

ቁልቋል፦ 8 የመዳብ ሽቦ፣ እያንዳንዱ 12 ሴንቲ፣ እስከ ግማሹ በፒንሳ ጠምዝዙ፣ ያ ግንዱ ነው። የቀሩትን 8 ጫፎች ወደ ውጪ ክፈቱና ከዛ ሁሉንም ወደላይ አጥፉ፣ እንደ መቅረዝ። ሽቦውን ብቻውን ብትቀቡት ቀጭን ነው፣ ስለዚህ ጀሶና ኮላ ወፈር አርጋቹ አቡክታቹ በብሩሽ አልብሱት፣ 2 ጊዜ። ሲደርቅ በከተሩ ጫፍ ከላይ ወደታች ጫር ጫር አርጉ፣ የቁልቋል ጎን ሸንተረር ስላለው። ግራጫ የተቀላቀለበት አረንጓዴ ቀቡት። ግንዱን ከስር 2 ሴንቲ ትርፍ ተዉለት፣ ፎሙ ውስጥ ሚገባው እሱ ነው።

ግራር፦ ያው የሽቦ ግንድ፣ ቅርንጫፎቹ ግን ወደ ጎን ተዘርግተው፣ ላያቸው ላይ የተቦጫጨቀ ስፖንጅ ጠፍጣፋ አርጋቹ ለጥፉ፣ እንደ ጃንጥላ። ስፖንጁን በመቀስ አትቁረጡት፣ በጥፍር ቦጫጭቁት።

ባህር ዛፍ አትትከሉ። በዛን ጊዜ ገና አዲስ አበባ አካባቢ መተከል እየጀመረ ነው፣ አድዋ ላይ ቦታ የለውም። ከስር መንደር ምትጨምሩ ከሆነም ሁሉንም ቤት ክብ የሳር ጎጆ አታርጉት፣ የትግራይ ህድሞ የድንጋይ ግድግዳና ጠፍጣፋ የአፈር ጣሪያ ነው ያለው፣ ለመስራትም ከጎጆ ይቀላል፣ የፎም ሳጥን፣ ላዩ ላይ የጀሶ ስባሪ፣ አናቱ ላይ አሸዋ፣ አለቀ።

12. የመጨረሻ ኮላ

1 እጅ ኮላ በ4 እጅ ውሃ፣ ከ2 ጠብታ ላርጎ ጋር፣ ውሃ መርጫ ጠርሙስ ውስጥ። ከ30 ሴንቲ ርቀት 2 ጊዜ ንፉበት፣ በዙሮቹ መሀል ይድረቅ። ሲረጭ ነጭ ይሆናል፣ አትደንግጡ፣ ሲደርቅ ይጠፋል። ጠርሙሱን ወዲያው በሙቅ ውሃ እጠቡ፣ ካልታጠበ ቀዳዳው ለዘላለም ይደፈናል።

ተደጋግመው ሚመጡልኝ ችግሮች

*ኮምፖርሳቶው ተጣመመ።* ከላይ ብቻ ኮላ ስለነካው ነው። ከስር ኮላና ውሃ ቀቡና ዘቅዝቃቹ፣ አናቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ ይቆማል፣ ላዩ ላይ ክብደት ጫኑ። አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ቀን ይመለሳል።

*ቀለሙ ተሰነጣጠቀ።* ሶፍቱ ሳይደርቅ ቀብታችኋል። ሚለይበት መንገድ አለ፣ የእጃቹን ጀርባ አስነኩት፣ ከቀዘቀዘ ውስጡ አሁንም እርጥብ ነው።

*ነጭ ዱቄት ከገደሉ ላይ ይራገፋል።* ጀሶው ቀለም ያልነካው ቦታ አለ። በጣም የቀጠነ ቡናማ ቀለም አንጠባጥቡበት፣ ይጠጣዋል።

*ወታደሮቹ ዳገቱ ላይ ይንሸራተታሉ፣ አምባው ግን አልቋል።* አፍርሱት አልልም። የጀሶ ስባሪ ጠፍጣፋውን ጎን ወደላይ አርጋቹ ዳገቱ ላይ እንደ ደረጃ ለጥፉ፣ ዙሪያውን በአሸዋ ዝጉ፣ ቀለም። በ1 ቀን ይስተካከላል።

*ጥግ ተሰበረ።* ነጩ ፎም ወጥቶ ይታያል። ኮላ ቀቡ፣ አሸዋ በትኑ፣ ቀለም። ድንጋይ የወደቀበት ቦታ ይመስላል፣ የኔ አምባ ላይ በጣም ምወደው ጥግ እንደዛ የመጣ ነው።

ለማስቀመጥ ካርቶን ውስጥ አስገቡት እንጂ ፌስታል አታልብሱት፣ እርጥበት ያፍናል። ቁልቋሎቹን ንቀሉና ለብቻ በትንሽ ሳጥን አርጉ፣ ለዚህ ብዬ ነው ሲተከሉ ኮላ ያላልኳቹ። መኪና የኋላ ኮፈን ውስጥ ጸሀይ ላይ ጥላቹት እንዳትሄዱ፣ ፎሙ በሙቀት ሊጣመም ይችላል። በወር አንዴ አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደታች ጥረጉለት፣ በእርጥብ ጨርቅ አይደለም።